በፋይል ወንድሜ የሆነውን ሰው እንዳገባ ይፈቀድልኝ

ለተከበሩ የድርጅታችን የሠራተኞች ጥቅማጥቅም ክፍል ኃላፊ
ባሉበት ስብሰባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ደጅ በጠናሁባቸው ሳምንታት ሁሉ አንድም ቀን ላልተቋረጠው ስብሰባዎም ረጅም ዕድሜ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነውን ሆዴን ደግሞ በሚመጣው ሰኞ ሐኪሞች ከፍተው ሊያዩት ቀጠሮ ስለያዙልኝ፣ ሰኞ ሳይቀድመኝ ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ ተጣድፌያለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ብዙ ሠራተኛ ስላለብዎት ስሜን ቢረሱ አልፈርድብዎትም። ከዴፖው እስከ ገበያው በሚሄደው መስመር ላይ አውቶቡስ የምነዳው ሴትዮ ነኝ። ቆሞ የሚሄድ ሰው እንዳይወድቅ ስል ፍሬን የምይዘው ቀስ አድርጌ ስለሆነ ተሳፋሪዎቼ «እትዬ ፍሬን» ይሉኛል፤ በዚህ ስም ቢፈልጉኝ የዴፖው ዘበኛ ሳይቀር ያውቀኛል።

ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎት። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ መዝገብ ቤት ከገቡ በኋላ ውሃ በላቸው። ይህኛው በዴፖው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከጎማ ቅያሪው ተራ አጠገብ ሲለጠፍ ግን ከዝናብ በቀር የሚበላው የለም ብዬ ነው። አንድ ቅጂ ለጋዜጣ የላክሁትም፣ ምናልባት ስብሰባው ውስጥ ጋዜጣ ይገባ ይሆናል በሚል የዋህነት ነው።

ጉዳዬ አጭር ነው። ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ያለ ጋብቻ ወረቀት እድሜያችንን አብረን ኖርን። ሁለታችንም በወጣትነታችን አንድ አንድ ሠርግ ደግሰን፣ ሁለቱም ሠርጎች በእንባ ስላለቁ፣ ሦስተኛ ለመደገስ ልባችን አልደፈረም፤ ያለ ድግስ ስንኖር ደግሞ ደስ አለን። ሾፌሮቹ «ጋሽ መርፌ» ይሉታል። የድርጅቱን የደንብ ልብስ ለዓመታት የሰፋው እሱ ነው፤ እርስዎም ሱሪዎ በጠበበዎት ቁጥር በጸሐፊዎ በኩል ወደ እሱ ይልኩ እንደነበር አይዘነጉትም። ኋላ የዓይን ግፊት ቀስ በቀስ ብርሃኑን ወሰደበት። አሁን አያይም። የምንኖረው በእኔ ስም በተሰጠኝ የሠራተኞች መኖሪያ ውስጥ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ግድግዳ ሳይነካ ከአልጋው እስከ ቧንቧው ይሄዳል፣ ሻይ አፍልቶ ይጠብቀኛል፣ የወለቀ ቁልፍ በዳሰሳ ይተክላል። ከዚያ በር ውጭ ግን ዓለም ለእሱ ጉድጓድ ነው። እርስዎ በሚመሩት ክፍል ደንብ መሠረት እኔ ስሞት ቤቱ የሚቀረው ለባል ብቻ ነው። የጡረታ መዋጮዬና የሞት ካሳዬም ባል ካለ ለባል፣ ከሌለ ለወንድምና ለእህት እኩል ይካፈላል። ስለዚህ ልመናዬ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲጠቀለል ይህ ሰው ባሌ ተብሎ ይጻፍልኝ ነው። ይህችን ቀላል ነገር ክፍልዎ እንዴት አድርጎ የማይፈታ ቋጠሮ እንዳደረጋት ከዚህ በታች በትሕትና እዘረዝራለሁ፤ ጥበብዎ ለትውልድ ይተላለፍ ዘንድ ማለቴ ነው።

1ኛ. ወንድም ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ።

ድሮ «ጡሩምባ» የምንለው ሾፌር ነበረን፤ መንገዱ ባዶ ሆኖም ጡሩምባ ሳይነፋ አይሄድም ነበር። እሱም እንደ እኛ ያለ ወረቀት የሚኖር ነበርና በሞተ በሳምንቱ የቤቶች አስተዳደር ሰዎች መጥተው ቤቱን አሸጉት። አብራው የኖረችው ሴት ለአንድ አፍታ ጎረቤት ገብታ ነበርና ጫማዋ ውስጥ ቀርቶ በነጠላ ጫማ ደጅ ላይ ቀረች። ገንዘቡን ሁሉ የወሰደው፣ ሟች አጎቱ ምን ይሠራ እንደነበር ለቅሶው ላይ ሲጠይቅ የነበረ የወንድም ልጅ ነው። ያቺን ሴት በነጠላ ጫማ ያየኋት ቀን የእኛን ቤት አሰብኩ። በማግስቱ ጋሽ መርፌን ለማስመዝገብ ወደ ክፍልዎ ገባሁ።

በዚያን ጊዜ የነበሩት ጸሐፊ፣ አሁን ጡረታ የወጡት፣ እውነተኛ እናት ናቸው። ምንሽ ነው ብለው ጠየቁኝ፤ አብረን ነው የምንኖረው አልኳቸው። ቅጹን ገለበጡት፣ መልሰው ገለበጡት። ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት ይላል። «አብሮ መኖር የሚል ሳጥን የለኝም የኔ ልጅ፣ ግን ማንንም ባዶ እጁን አልመልስም» አሉና ወንድም የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። የአባታችን ስም ይለያያል እኮ ብላቸው «ታዲያ በእናት ይሁና» ብለው ጨመሩበት። አንጀቴን አራሱት፤ ሳላመነታ ፈረምኩ። ኋላ ስሰማ ለካ እኚህ ሴት ወረቀት የሌለውን ሁሉ እንዲህ እያዛመዱ ኖረዋል። ከመካኒኮቹ አንዱ ሊያገባት ቀን የቆረጠላት ልጅ በፋይል አክስቱ ናት። ከትኬት ቆራጮቹ አንዷ የምትወደው ጎረምሳ አጎቷ ነው፤ በዕድሜ ግን ታናሿ ነው። ስማቸውን አልናገርም፣ ሆድ ይፍጀው። በዚህ ዴፖ ውስጥ የሥጋ ዘመድ ያልሆነ ፍቅረኛ የለም ብል ግን ማጋነን አይሆንብኝም።

እናቴ በሕይወት በነበረችበት ዘመን ሳትወልድልኝ የቀረችውን ሁለተኛ ወንድም ክፍልዎ በአንድ የብዕር ጭረት ስለወለደልኝ ምስጋናዬ የበዛ ነው።

2ኛ. ስለ ሰዓቱም አመሰግናለሁ።

በዓመታዊው የሠራተኞች ግብዣ ላይ የጥሪ ካርዱ «ከነባለቤትዎ» ስለሚል ጋሽ መርፌን ይዤ መጣሁ። የጥንዶች የዳንስ ውድድር ተደረገ። እሱ በዚያን ጊዜ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ነበር። እጄን ይዞ፣ ወዴት እንደምዞር በመዳፌ እያወቀ፣ ከሚያዩት ሁሉ የተሻለ ጨፈረ። ክቡርነትዎ ማይክሮፎኑን ተቀብለው እንደ እነዚህ ባልና ሚስት ያድርገን አሉና የግድግዳ ሰዓት በገዛ እጅዎ ሸለሙን። ከታች ባለው የነሐስ ሳህን ላይ «ለዓመቱ ምርጥ ባልና ሚስት» የሚል ተቀርጿል። ሰዓቱ በየሰዓቱ ይደውላል። ለእሱ ከዚያ የበለጠ ስጦታ ሊሰጠው የሚችል ሰው የለም፤ ሲነጋና ሲመሽ የሚያውቀው፣ እኔ ከሥራ የምመለስበትን የሚቆጥረው በዚያ ደወል ነው።

ታዲያ ኋላ ባልሽ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አምጪ በተባልኩ ጊዜ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰዓቱን ከግድግዳ አውርጄ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ቢሮዎ ይዤ መጣሁ። ድርጅቱ ራሱ በነሐስ ከጻፈው የበለጠ ምን ማስረጃ አለ ብዬ ነበር። የተሰጠኝ መልስ በደብዳቤ ነው። ሰዓት ሰነድ አለመሆኑን ከገለጸልኝ በኋላ፣ ወንድምና እህት በጥንዶች ውድድር ሊሸለሙ ስለማይገባ ሽልማቱ በስህተት የተሰጠ የድርጅት ንብረት ነው፣ ለንብረት ክፍል ይመለስ ይላል። ሰዓቱን በፎጣው ጠቅልዬ መልሼ ወሰድኩና ሰቀልኩት። ጋሽ መርፌ ሰዓቱ የት ሄዶ ነበር ሲለኝ ጥገና አልኩት።

3ኛ. ስለ ሠርጌ አመሰግናለሁ።

ሐኪሙ ሆዴ ውስጥ እጢ እንዳለና መውጣት እንዳለበት የነገረኝ ቀን ለጋሽ መርፌ ሳልደብቅ ነገርኩት። በቃ እንጋባ አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ማዘጋጃ ቤት ስንሄድ ያላገባሁ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቴ እንዳመጣ ታዘዝኩ። ይህን ደብዳቤ ክፍልዎ በዚያው ቀን ጽፎ ሰጠኝ። ለእኔ በፍጥነት የተሠራ ነገር እሱ ብቻ ስለሆነ ይኸው በልዩ ሁኔታ እመሰክራለሁ። ሳላነበው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ከእርስዎ ቢሮ እንዲህ ቶሎ የወጣ ወረቀት ማንበብ እንደነበረብኝ አሁን ገባኝ።

እሱ በዳሰሳ ጢሙን ተላጨ፣ ራሱ የሰፋውን ጥቁር ኮት ለበሰ። እኔ ከደንብ ልብስ ሌላ ልብስ ለብሼ አደባባይ ከወጣሁ ቆይቼ ስለነበር ተረከዝ ባለው ጫማ እየተንገዳገድኩ እመራው ነበር። መዝጋቢዋ ልጅ ትሁት ናት። መታወቂያውን አየች፣ ደብዳቤዎን አነበበች፣ መታወቂያውን ደግማ አየች። ደብዳቤው ያላገባሁ መሆኔን፣ በእናት አንድ ወንድም ያለኝ መሆኑን ይገልጽና የወንድሜን ስም ከነአባቱ ያሰፍራል። ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ይቅርታ እትዬ፣ ወንድምና እህት ናችሁ እንዴ?» አለች። እሱ ግን ደብዳቤውን ስላላየ፣ ልጅቷ ስለ መልካችን የምትጫወት መስሎት፣ ደስ ብሎት ፈገግ አለና «ብዙ ሰው ትመሳሰላላችሁ ይለናል» አላት።

ከኋላችን ተሰልፈው የነበሩት ሙሽሮች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። አንዲት እናት ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። ልጅቷ አለቃዋን ጠራች፣ አለቃዋ ሌላ አለቃ ጠራ፣ ሁሉም ደብዳቤዎን እያነበቡ በየተራ አዩን። በመጨረሻ መሥሪያ ቤትሽ ካላስተካከለው በቀር ማጋባት ወንጀል ይሆንብናል አሉን። እሱ የቤታችን በር ላይ ሲደርስ ኮቱን አወለቀና በስነ ሥርዓት አጥፎ ሰጠኝ፤ እንደ ሌላ ሰው ልብስ።

4ኛ. በሥጋ ወንድሜን እንዳውቀው ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ።

ይስተካከልልኝ ብዬ ማመልከቻ ባስገባ፣ ሰውየው ወንድምሽ አለመሆኑን የሚመሰክር የቅርብ ቤተሰብ አምጪ ተባልኩ። አባትና እናቴ የሉም። የቀረኝ ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነው። መለዋወጫ ይሸጣል፣ ሱቁ ከዴፖው ጀርባ ነው፣ ጋሽ መርፌን ደግሞ የልጆቹን የትምህርት ቤት ልብስ ካሰፋበት ጊዜ ጀምሮ በደንብ ያውቀዋል። ሄጄ ጉዳዩን አስረዳሁት። ወንድሜ ብልህ ነው፤ ከሁሉ በፊት የጠየቀኝ ስለ ሆዴ ሳይሆን ስለ ደንቡ ነው። ባል ካለ ሁሉም ለባል፣ ከሌለ ለወንድሞች እኩል መሆኑን ነገርኩት፤ ሞኝነቴን አይተው ይታዘቡኝ። ጥቂት አሰበና መማል እንደሚከብደው ነገረኝ። «እናታችን ብዙ ነገር በሆዷ ይዛ የሞተች ሴት ናት፤ እኔ ምን አውቃለሁ?» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ እናቴ ከገበያ ትንሽ ብታመሽ የት እንደቆየች ለሰፈሩ ሁሉ ሳትናገር እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ነበረች። የደንብዎ ጥበብ ግን ይኸው ከሞተች በኋላ ከትዳሯ ውጭ አስወለዳት። እኔን ወደ ነጻነት የሚያወጣኝ ፊርማ ባለመፈረሙ የሚጠቀም ሰው እጅ ላይ ማስቀመጡ ተራ አእምሮ የሚያፈልቀው ሐሳብ አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜ እየተመላለሰ ይጠይቀናል። ጋሽ መርፌን «ወንድም ጋሼ» እያለ ይጠራዋል። ሐኪሙ ምን አለሽ፣ ከባድ ነው አለሽ ወይ እያለ ስለ እኔ የሚያሳየው ጭንቀት ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ አይቼበት የማላውቀው ነው።

5ኛ. ስለ ሰጡኝ የቃል ምክር አመሰግናለሁ።

ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲሻገሩ ኮሪደር ላይ አግኝቼዎት፣ አንድ እግርዎ በር ውስጥ እንዳለ፣ ደግ ፊት አሳይተውኝ ነበር። ያልነበረ ሰውን ከፋይል ማውጣት ከባድ ነው፣ የሞተ ሰውን ማውጣት ግን ቀላል ነው፣ ወንድምሽ ቢሞት ኖሮ ማስረጃውን ባመጣሽበት ቀን ይሰረዝ ነበር አሉኝ። እንዳሉኝ ለጋሽ መርፌ ነገርኩት። እስኪያነባ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ብዙ ጊዜ እንደዚያ አብረን ስቀን አናውቅም ነበርና ለዚህም ባለውለታችን ነዎት። ቆይቶ «እኔ በወረቀት ከሞትኩ ሰኞ ማን ይፈርምልሻል?» አለኝ።

የቀረውን ቁጥር ሳልሰጠው ልንገርዎ፤ በቁጥር የሚነገር አልሆነልኝም።

ሆስፒታሉ ከቀዶ ጥገና በፊት የቅርብ ቤተሰብ ፊርማ ይጠይቃል። የክፍልዎ የሕክምና ካርድ ላይ የቅርብ ቤተሰብ ተብሎ የተጻፈው እሱ ነው፤ ወንድም ተብሎ። እንዲታረም ማመልከቻ ባስገባሁ በሳምንቱ ከሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ደብዳቤ ደረሰኝ። ሐሰተኛ ቃል ሰጥታለች ወይስ ከወንድሟ ጋር እንደ ሚስት ትኖራለች የሚለው እስኪጣራ ድረስ ካርዴ ታግዶ ይቆያል፣ ማመልከቻዬን ካነሳሁ ግን ጉዳዩ ይዘጋል ይላል። ወይ ውሸታም ነኝ፣ ወይ ነውረኛ ነኝ፤ ሁለቱንም ካልሆንኩ ደግሞ ታምሜ መታከም አልችልም ማለት ነው። ባሌ ነው ካልኩ ሰኞ ካርዴ አይሠራም፣ እጢው ሆዴ ውስጥ ይቀራል። ወንድሜ ነው ካልኩ እጢው ይወጣል፤ እኔ ካልነቃሁ ግን እሱ ቤቱ ይታሸግበታል። ለመዳን ወንድሜ መሆን አለበት፣ ለመሞት ባሌ መሆን አለበት። የትኛውን እንደማደርግ አስቀድሜ አላውቅምና ሁለቱንም ማሟላት አልቻልኩም። ኑዛዜ ጻፊ ያሉኝ አሉ። ቤቱ የድርጅቱ ስለሆነ የማወርሰው የለኝም፤ ያለኝ እሱ ነው፣ እሱንም በስሙ መጥራት አልተፈቀደልኝም።

ማመልከቻዬን አነሳሁ። ይህን ያደረግሁት ስላመንኩበት ሳይሆን መኖር ስለምፈልግ ነው፤ ባፍርበትም እውነቱ ይኸው ነው።

ከትናንት በስቲያ ለፊርማው አብረን ሆስፒታል ሄድን። ወረቀቱን ማየት ስለማይችል ነርሷ አውራ ጣቱን ይዛ ቀለም አስነከረችውና ቦታው ላይ አሳረፈችለት። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፤ ትከሻውን ይዞ እህትህ ጠንካራ ናት፣ አታስብ አለው። ጋሽ መርፌ እሺ ዶክተር አለ። ከዚያ ፊቱን እኔ ወዳለሁበት ለማዞር ሞከረ፤ እኔ ድምፅ ስላላሰማሁ ግን ወደ ግድግዳው ዞሮ ቀረ። አውቶቡስ ውስጥ ስንመለስ፣ በገዛ መስመሬ ላይ ሌላ ሾፌር እየነዳን፣ ጣቱ ላይ የቀረውን ቀለም በመሐረቡ ሲያሽ ሲያሽ ቆየና ይለቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይለቃል አልኩት። ቀለሙ አሁንም አለ።

ፈርቻለሁ ክቡር ሆይ። ቢላዋውን አይደለም፤ ጥርሴን ነክሼ የማልፈው ብዙ ነገር አይቻለሁ። የምፈራው ደወሉን ቆጥሮ፣ እኔ የምመጣበት ሰዓት መድረሱን አውቆ፣ ሻይ ጥዶ ሲጠብቅ በሩ ሲንኳኳ ነው። እኔ አላንኳኳም፤ ቁልፍ አለኝ። ሲንኳኳ ሌላ ሰው እንደሆነ ያውቃል።

ስለዚህ በማክበር የምጠይቅዎ ትልቅ ነገር አይደለም። ከሰኞ በፊት፣ ከሁለት ስብሰባ መካከል፣ ያንን አንድ ቃል ሰርዘው በላዩ ሌላ ቃል እንዲጽፉልኝ ነው፤ ካርዴንም ሳያግዱ። ጸሐፊዎ የነበሩት ሴት ቢሮም ሥልጣንም ሳይኖራቸው ሰውን ከሰው ማዛመድ ከቻሉ፣ እርስዎ ከነማኅተምዎ አንድ ሰው ለሚስቱ መመለስ ያቅተዎታል ብዬ አላስብም።

ወንድም ለሰጡኝ፣ ባሌን ለነሱኝ፣ እናቴንም በሞት ዓለም ሳይቀር ላሟት ክቡርነትዎ ከፍ ያለ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ እድገት እንዲጨመርልዎ፣ ወንበርዎ እንዲሰፋ፣ በቅርብ ቤተሰብዎ ዝርዝር ላይም የሚወዱት ሰው ሁሉ በትክክለኛ ስሙ ተጽፎ እንዲገኝልዎ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ታዛዥ ሾፌርዎና የወንድሟ ሚስት፣
እትዬ ፍሬን

ግልባጭ፦
ለሥነ ሥርዓት ኮሚቴው (ከሐሰተኛነትና ከነውረኛነት የመረጠልኝን እንዲያሳውቀኝ)
ለታናሽ ወንድሜ (ደህና እንደሆንኩ ይወቅ፤ እስከ ሰኞ)

ማሳሰቢያ፦ ሰዓቱን ለንብረት ክፍል እንድመልስ የታዘዝኩትን አልረሳሁም። ግን እኔ ሆስፒታል ስለምገባ፣ እሱም ብቻውን መጥቶ ሊያስረክብ ስለማይችል፣ እባክዎ ራስዎ መጥተው ይውሰዱት። ሲያንኳኩ ማነው ይልዎታል። ድምፅዎን ከዳንሱ ዕለት ጀምሮ ያውቀዋልና ደስ ብሎት ይከፍትልዎታል፣ ወንበር በእጁ ፈልጎ ያስቀምጥዎታል። ከዚያ ለምርጥ ባልና ሚስት የሰጡትን ሰዓት ለመውሰድ እንደመጡ ይንገሩት። ሲነግሩት ሰዓቱ ደውሎ ያቋርጥዎት ይሆናል፤ እስኪጨርስ ይታገሡት፣ እሱ እየቆጠረ ነው።